የዲስክ ድንበር ቢጠፋ ቸኵሎ ማረስ እንዳይገባ

ቀድሞ በቤታችን ሣጥን ይቀመጥ የነበረው ጽሕፈት፥ የጋብቻ ውልም ቢሆን፥ የኑዛዜ ቃልም ቢሆን፥ የወላጆቻችንና የልጆቻችን ፎቶግራፍም ቢሆን፥ ዛሬ አብዛኛው በኮምፒዩተር ዲስክ ውስጥ ይጠበቃል። ስለዚህ ዲስኩ አንድ ቀን ድንገት ባዶ ነኝ ያለ እንደ ሆነ ምን ማድረግ እንዲገባ ለቤተ ሰብ አለቆች ልናስታውስ ወደድን።

ዲስክ እንደ ሰፊ ርስት ነው። ርስት ለወራሾች ሲከፈል ድንበሩ በመዝገብ እንደሚጻፍ፥ ዲስክም ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደሚደርስ ይጻፋል፤ ይህም የክፍልፍል ሠንጠረዥ ይባላል። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. ከዶስ 2.0 ጋራ በወጣው ኤም ቢ አር በተባለው ሥርዓት፥ ሠንጠረዡ ያለበት የዲስኩ መጀመሪያ 512 ባይት ነው። ከዚህም የአራት ክፍሎችን ድንበር የሚይዘው 64 ባይት ብቻ ነው፤ ይኸውም በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ከ21 የግዕዝ ፊደል አይበልጥም። ይህች ጥቂት ጽሕፈት ስትበላሽ ኮምፒዩተሩ ሙሉውን ዲስክ ባዶ ነው ይላል። ነገር ግን መዝገቡ ቢቀደድ መሬቱ አብሮ አይቀደድም።

መዝገቡ ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች አንዱ ድንበሩ ሲለወጥ መብራት መጥፋቱ ነው፤ ሌላውም አዲስ ሲስተም ሲጫን አንዱን ዲስክ በሌላው ተሳስቶ መምረጥ ነው። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ ዲስኩን ኢኒሺያላይዝ ላድርገው፥ ወይም ፎርማት ላድርገው ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ምክር ይመስላል፤ ዳሩ ግን የፊተኛው በአሮጌው መዝገብ ላይ አዲስ መጻፍ፥ የኋለኛውም ርስቱን እንደ አዲስ ማረስ ነውና እንቢ ማለት ይገባል።

ከዚያ በኋላ ሥራው በተራ ይሁን። አንደኛ፥ በዲስኩ ላይ አንዳች አዲስ ነገር አይጻፍ፤ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ዲስኩን ከሌላ ኮምፒዩተር ጋራ ማገናኘት ይሻላል። ሁለተኛ፥ ከእርሱ በማያንስ ሌላ ዲስክ ላይ ሙሉውን መገልበጥ ነው፤ ዲዲሬስኪው የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚህ የተሠራ ነው። የሚገለበጠውንና ግልባጩን የሚቀበለውን ዲስክ ማለዋወጥ ሁሉን ያጠፋልና፥ የሁለቱን ስምና መጠን ደጋግሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፥ ቴስትዲስክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በግልባጩ ላይ ማሠራት ነው። እርሱም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር መርምሮ የጥንቱን ድንበር ምልክት ይፈልጋል። ባገኘው ክፍል ውስጥ የገዛ ፋይሎቻችንን በዓይናችን ሳናይ ግን መዝገቡን ጻፍ ብለን አንዘዘው።

ጂ ፒ ቲ የተባለው አዲሱ ሥርዓት የመዝገቡን ሁለተኛ ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ያኖራልና፥ የፊተኛው ቢበላሽ ከኋለኛው ማቅናት ይቻላል። ደግሞም ኤም ቢ አር በተለመደው ዲስክ ላይ ከ2 ቴራባይት ጥቂት አለፍ ካለ በኋላ ድንበር መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ትልቅ ዲስክ ገዝቶ ትራፊው አልሠራ ያለው ሰው ዲስኩ ተበላሸ ብሎ አይዘን፤ በውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ስፍራ ገልብጦ በጂ ፒ ቲ እንደ ገና ይክፈለው።

ይሁን እንጂ ይህ መድኃኒት ለሁሉ አይሆንም። ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ዲስክ ፎርማት ከተደረገ የተለቀቀውን ስፍራ ራሱ ሊያጸዳው ይችላል፤ የጸዳውንም ቴስትዲስክ አይመልሰውም። የሚሽከረከር ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ቢያሰማም ሕመሙ የአካል እንጂ የመዝገብ አይደለምና፥ ወዲያው አጥፍቶ ለባለሙያ መስጠት ነው። እየደጋገሙ ማስነሣት ጉዳቱን ያሰፋዋል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፥ በዲስክም ነገር ብዙውን ጥፋት የሚያመጣው ከብልሽቱ ይልቅ ጥድፊያው ነው። እንግዲህ ድንበሩን ከመንካት በፊት የቤተ ሰቡን ሰነድ በሁለተኛ ዲስክ ገልብጦ ለብቻው ማኖር ብልኅነት ነው። ዲስክ ከገበያ ይገዛል፤ የሞተ አባት ድምፅና የሕፃን ልጅ የክርስትና ቀን ፎቶግራፍ ግን በየትም ገበያ አይገኝም።