መፋቂያው ላይ የታየው ደም

ደቡብ ኦሞ ውስጥ ማክሰኞ የአልዱባ ገበያ ቀን ነው። የበና ሰው ማሩን፣ የአሪ ሰው ቡናና እህሉን ይዞ ይወጣል። ጥላ ሥር ሆዷ ገፋ ያለ አንዲት ወጣት መፋቂያ አፏ ውስጥ አድርጋ ተቀምጣለች። እንጨቱን አውጥታ ጫፉን አየችው፤ ቀልቷል። እንትፍ አለች፤ ምራቋም ቀልቷል። አጠገቧ የተቀመጡት እናት “ተይው ልጄ፣ ድድሽን አቆሰልሽው” አሏት። መፋቂያው አቧራው ላይ ተጣለ።

ምክሩ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ የሚያስከትለው ግን የተገላቢጦሹን ነው። በፈረንጆቹ 1965 ሃራልድ ሎ የተባለ የጥርስ ሐኪምና ባልደረቦቹ ዴንማርክ ውስጥ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎችን ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ስለነበሩ ነገሩ ሳይከብዳቸው አልቀረም። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳኑ። ድዱን ያሳመመው ጥርስና ድድ በሚጋጠሙበት መስመር ላይ የሚለጠፈው፣ ባክቴሪያ የሞላበት ለስላሳ ልባጭ ነበር። መድኃኒቱም እሱኑ ማንሣት ሆነ።

ነፍሰ ጡር ላይ ነገሩ የሚብሰው በሆርሞን ምክንያት ነው። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ሲጨምሩ በድድ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽም ማሾለክ ይጀምራሉ። ቆሻሻው የድሮው ቆሻሻ ነው፤ የተለወጠው የድዱ ጠባይ ነው። ትናንት ዝም ብሎ የቻለውን ዛሬ አብጦና ደምቶ ይመልሳል። ከሁለተኛው ወር ገደማ ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ በስምንተኛው ወር ይበረታል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ60 እስከ 75 በመቶ የሚሆኑ ነፍሰ ጡሮች የድድ መቆጣት ያገኛቸዋል ይላል። አንዳንዷ ላይ በጥርሶች መካከል አተር የምታክል ቀይ እብጠት ትወጣለች። ታስደነግጣለች እንጂ ካንሰር አይደለችም፤ ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ትከስማለች። እየደማች መብላት ካስቸገረች ግን ለሐኪም ማሳየት ነው።

ጽንሱ ካልሲየሙን ከእናቱ ጥርስ ይስባል የሚለው እምነት ብዙ እናቶች ዘንድ አለ። ልክ አይደለም። ጥርስ አንዴ ከበቀለ በኋላ ካልሲየሙን ለደም አይመልስም። ጽንሱ የሚወስደው እናቱ ከምትበላው ነው፤ ካነሰው ደግሞ ከአጥንቷ። ወተቱም፣ የደቡብ ኦሞ ሰው ከጓሮው የሚቆርጠው የሽፈራው ቅጠልም ጥቅማቸው እዚያ ላይ ነው። ጥርሷን በእርግጥ የሚጎዳው የጠዋቱ ትውከት ነው። የሆድ አሲድ የጥርሱን ገጽ ያለሰልሰዋል፤ ወዲያው መፋቅ ያንን የለሰለሰውን ማንሣት ነው። መጀመሪያ በውኃ መጉመጥመጥ፣ ከተገኘ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ መጨመር (ቤኪንግ ፓውደሩን አላልኩም፣ ሶዳውን)፣ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት ይበጃል።

መፋቂያን የሚንቅ ከተሜ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በተለመደበት አገር አጠቃቀሙ እንዲበረታታ መክሯል። ድካሙ ሌላ ነው፦ የፊት ጥርስ ያበራል፣ ምላስ የሚነካው የውስጥ ጎን ይረሳል። ደም የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ከተረሳው ጎን ነው። ጫፉን አላምጦ እንደ ብሩሽ ማለስለስ፣ ከድድ ወደ ጥርስ መጥረግ፣ ያረጀውን ጫፍ እየቆረጡ መጣል ይበጃል። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ከተገኘ ጫፉ ላይ ጥቂት ማድረግ ነው።

የታመመ ድድ ያለጊዜው መውለድን ያመጣል እየተባለ ሴቶች ሲፈሩ እሰማለሁ። ሁለቱ አብረው መታየታቸው በጥናት ተመዝግቧል። ሆኖም በፈረንጆቹ 2006 የወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ በ823 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገ ጥናት በእርግዝና ጊዜ ድድን ማከም ያለጊዜው መውለድን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ያው ጥናት ሌላም አሳይቷል፤ ሕክምናው ለእናትም ለጽንስም አደጋ አልነበረውም። ማደንዘዣ ተወግታ ጥርሷን መታከም ትችላለች፤ የመካከለኞቹ ሦስት ወራት ደግሞ ይመቻሉ። “እስክትወልድ ይቆይ” ተብላ ከበሰበሰ ጥርስ ጋር ወራት ማሳለፍ የለባትም። መድኃኒት ስትገዛ ግን እርጉዝ መሆኗን ትናገር። ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን የልጁን ጥርስ ቀለም ሊለውጡ ይችላሉ፤ የወተት ጥርስ መሠረቱን መጣል የሚጀምረው ገና በስድስተኛው ሳምንት ነው።

በእርግዝና ክትትል ክብደቷ ይለካል፣ ደም ግፊቷ ይታያል፣ ሆዷ ይዳሰሳል። “አፍሽን ክፈቺ” የሚላት ግን እምብዛም አይገኝም። ለዚህ እኮ የሚያስፈልገው አንድ ባትሪ ነው።

ገበያው ላይ ለእኚያ እናት እንዲህ አልኳቸው፦ “እማማ፣ ደሙ የሚመጣው ስላልተፋቀ ነው። ሁለት ሳምንት ቀስ ብላ፣ የውስጡንም ሳትረሳ ትፋቅ። ካልቆመ ጤና ጣቢያ ትሂድ።” አላመኑኝም መሰለኝ። ወጣቷ ግን ከአጠገባችን ከምትሸጠው ልጅ አዲስ መፋቂያ ገዛች፤ ጫፉን እያላመጠች ወደ ማር ሻጮቹ ሄደች።