የሕክምና ተማሪዎችና የአእምሮ ሕሙማን

እግሩ የተሰበረ ሰው ወደ ሕክምና ቤት ሲመጣ ያገኘው ሁሉ ደግፎ ያስገባዋል፤ አእምሮው የታወከ ሰው ሲመጣ ግን ሊያክሙ ከሚማሩት ወጣቶች አንዳንዱ ይሸሸዋል፥ አንዳንዱም ይስቅበታል።

ይህ ነቀፌታ እንደ ራቤል ባለው በግሼ ደጋ ጉዳቱ ይከፋል። በ1930 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሩ ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ብቸኛ ሆስፒታል ስለ ነበረ፥ ከሩቅ አገር ሕመምተኛ ይዘው እዚያ ለመድረስ የሚችሉት ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የታቀደው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ አሰበ። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥራው በነርሱና በጤና መኮንኑ እጅ ወደቀ። ወደ ራቤል የተላከው ወጣት በልቡ ንቀት ይዞ ከሄደ፥ ያፈረው ሕሙም ወደ ቤቱ ተመልሶ መታሰር ይሆናል ዕጣው።

ተማሪው ንቀቱን ያመጣው ከሌላ ዓለም አይደለም። በልጅነቱ እብድ እየተባለ ድንጋይ ሲወረወርበት ያየውን ሰው ያስታውሳል። በትምህርቱም ዘመን ለጥቂት ሳምንት ወደ ሕሙማን ክፍል ሲላክ የሚያየው ደዌው የጸናበትን ብቻ ነው። ድኖ እርሻውን የሚያርሰውን አያየውም፤ እርሱስ በሆስፒታል ምን ሊያደርግ ይቀመጣል!

በ1993 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ፥ በቡታጅራ አካባቢ 178 የሕሙማን ዘመዶችን የጠየቀ ጥናት፥ ከመቶው 75ቱ መገለል እንደ ደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው፥ 37ቱም የዘመዳቸውን ሕመም ሊሰውሩ እንደሚወዱ አስረድቷል። ከመቶው 65ቱ የመረጡት ጸሎትን ነው። እንግዲህ የሕሙሙን ጠበል የሚንቅ ተማሪ ሕሙሙን ራሱን እንደ ናቀ ይቈጠራል፤ በጻድቃኔ ማርያምም ሆነ በሌላው ጠበል ሕሙማንን የሚቀበል ካህን መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ቢመክር ጸሎቱን አያጐድልበትም።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ጉባኤ በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ ነቀፌታን ለመቀነስ ከሁሉ የሚበልጠው ሕመሙን ካዩ ሰዎች ጋር መገናኘት ነው ብሏል። የትምህርት ቤት አለቆችም ወጣቶቹን ወደየወረዳው ከመላካቸው አስቀድሞ፥ ታሞ የዳነ አንድ ሰው በፈቃዱ ከፊታቸው ቆሞ ያለፈበትን እንዲነግራቸው ቢያደርጉ፥ ወጪው የአንድ ቀን አበል ነው።