ስለ ቆቦ የተጻፈው፣ ቆቦ ላይ የማይነበበው

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሜዳ ተመራማሪ አጥቶ አያውቅም። ማሽላው ተጠንቷል፣ ማሽላውን የሚጨርሰው አቀንጭራ የተባለው አረም ተጠንቷል፣ የቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ተለክቷል፣ የ1977ቱ ረሃብ በቆቦና በኮረም ያደረሰው መከራ ተጽፏል። ጥናቱ የተሠራው ገበሬው ማሳ ላይ፣ ገበሬው እየተጠየቀ ነው። ውጤቱን ግን የዋጃ ሰው አላነበበውም። አብዛኛው ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል፣ ብዙውም ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው፤ መንገዱን የሚያሳይ ግን የለም።

አንድ የቀበሌ ግብርና ባለሙያ ስለ አካባቢው ማሽላ ለማወቅ ስልኩን ከፈተ እንበል። በአማርኛ ሲጽፍ የሚመጣለት ዜናና የፌስቡክ ጽሑፍ ነው። በእንግሊዝኛ ሲሞክር የጥናቱን ርዕስ ያገኛል፣ አጭር ማጠቃለያውንም ያነባል። ሙሉውን ልክፈት ሲል ሠላሳ፣ አርባ ዶላር ክፈል ይባላል፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ የባንክ ካርድ። እዚያው ያቆማል። ቴሌግራም ላይ ደግ ሰው የጫነው ፒዲኤፍ ካለ ያወርዳል፣ ከሌለ የለም።

ይህ ሰው ያልተነገረው ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ዓ.ም. ሂናሪ የሚባል አገልግሎት ጀምሯል። በሺዎች የሚቆጠሩ የሕክምና መጽሔቶችን ለድሃ አገሮች ተቋማት በነፃ ይከፍታል። ለግብርናው አጎራ የሚባል አቻ አለው፤ ሁለቱም ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ጥላ ሥር ናቸው። ኢትዮጵያ ምንም ከማይከፍሉት አገሮች ወገን ናት። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋም እንጂ ለግለሰብ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ፦ ተቋም ማለት ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም። የጤና ተቋም፣ የግብርና ኤክስቴንሽን ማዕከል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም ይመዘገባሉ። ያ ባለሙያ አርባ ዶላር የተጠየቀበትን ጽሑፍ መሥሪያ ቤቱ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በነፃ ያነበው ነበር።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ክምችትም ለማንም ክፍት ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው አገራዊ ፖሊሲ ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ሁሉ በነፃ እንዲነበብ ያዛል። ሲፈልጉ የቦታ ስም በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አለመሆኑን ማስታወስ ይበጃል። ቆቦ አንዱ ጋ በ“ኬ”፣ ሌላው ጋ በ“ኪው” ይጻፋል፤ የወሎና የራያም አጻጻፍ ይለያያል። በአንዱ አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን ሳያየው “ምንም አልተጻፈም” ብሎ ይመለሳል። ይህን የሚያስተምር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በየወረዳው ሊኖር ይገባ ነበር።

የምርምሩ ጥቅም ወሬ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጎብዬና አብሽር የተባሉ፣ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ለገበሬው ተለቀቁ። ጎብዬ በወልድያና በቆቦ መካከል ያለችው ከተማ ስም መሆኑን የአገሩ ሰው ያውቃል። ከዝርያዎቹ ጀርባ ያሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ2001 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት አሸናፊ ተብለዋል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከቆቦ ሩቅ አይደለም። አገሩ የሙከራ ማሳ ሲሆን የውጤቱ አንባቢ አለመሆኑ ያሳዝነኛል።

በታሪክም ያው ነው፦ ምንጩ ከአገሩ ነው፣ ማንበቢያው ሩቅ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው፣ በ13ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ1960ዎቹ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ፎቶ ተነሥቶ 1832 ቁጥር ተሰጥቶታል። ያ ሥራ ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍትን ያዳረሰ ሲሆን፣ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ካታሎግም የዚሁ ፍሬ ነው። ክምችቱን የያዘው ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት በነፃ ለተመዘገበ አንባቢ በድረ ገጹ ያሳያል። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ተዘርፈው ብሪቲሽ ላይብረሪ ከገቡት የብራና መጻሕፍትም ብዙዎቹ በዲጂታል ተነሥተው ነበር። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ግን ቤተ መጻሕፍቱ በሳይበር ጥቃት ተመታና ገጾቹ ለረጅም ጊዜ ተዘጉ። የሩቅ ማከማቻ ብቻውን እምነት እንደማይጣልበት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

የእኛ ችግር ደግሞ የባሰ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ክረምት ወደ ሰሜን ወሎ ሲገባ ስልክና መብራት ጠፋ፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ተዘረፈ፣ ተሰባበረ። ከ2015 ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ለእንዲህ ያለ አገር ኢንተርኔት ብቻ ይበቃል ማለት አይቻልም። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሙሉ ዊኪፒዲያን ሳይቀር አንድ ትንሽ ማሽን ላይ ይጭናል። ተማሪው ስልኩን ከዚያ ማሽን ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ ያለ ዳታ ያነባል። በዚሁ ማሽን ላይ ክፍት የሆኑትን የመመረቂያ ጽሑፎችና ባለቤቶቹ የፈቀዷቸውን የምርምር ዘገባዎች መጨመር ይቻላል። የሂናሪን መጽሔቶች ግን ገልብጦ ማከፋፈል አይፈቀድም።

አራት ኪሎ ላይ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ከ2 ሺህ በላይ አንባቢ ያስተናግዳል። ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ከዋጃ ተነሥቶ የሚደርስበት ተማሪ ግን ጥቂት ነው። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ለወረዳ መሥሪያ ቤቶች የሪሰርች ፎር ላይፍ የምዝገባ መመሪያ በአማርኛ ቢያዘጋጅ፣ የሲሪንቃ ማዕከልም የየጥናቱን ውጤት በሁለት ገጽ አማርኛ ቢያወጣ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሁሉ የሚቀድመውን ጤና ጣቢያውና የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ራሳቸው ሊያደርጉት ይችላሉ፦ የምዝገባውን ቅጽ መሙላት፣ የይለፍ ቃሉን በኃላፊነት የሚይዝ አንድ ሠራተኛ መሰየምና ኮምፒውተር ያለበትን ክፍል በሳምንት ለተወሰኑ ሰዓታት ለሠራተኛው ሁሉ መክፈት።