የጠመኔው ክብ

የንግድ ወይም የፋብሪካ ሥራ የሚመራ ሰው ዘወትር የሚቸገረው በትምህርት ቤት ያልተነገረው ነገር በገጠመው ጊዜ ነው። የሒሳብ አያያዝና የደብዳቤ አጻጻፍ ከመጽሐፍ ይገኛል፤ እስከ ትናንት በደኅና ይሠራ የነበረው የፋብሪካ መኪና ዛሬ ስለ ምን እንደ ቆመ፥ ወይም ደንበኛው ስለ ምን ፊቱን ወደ ሌላ ሱቅ እንዳዞረ የሚያስረዳ ምዕራፍ ግን አይገኝም። ለእንዲህ ያለው ችግር አዲስ ብልሃት ማውጣት ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ የተፈጥሮ ሀብት ነው ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። በጃፓን አገር በቶዮታ ኩባንያ የተደረገው ነገር ግን ይህ ብልሃት እንደ ንባብና እንደ ጽሕፈት ሊማሩት የሚቻል መሆኑን ያሳያል።

ይህ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. ለመክሰር ተቃርቦ፥ ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው፥ መሥራቹ ኪይቺሮ ቶዮዳም ከሹመቱ እስከ መልቀቅ ደርሶ ነበር። የአሜሪካ ፋብሪካዎች የነበራቸውን ያህል ገንዘብና መኪና አልነበረውምና በሠራተኛው አእምሮ ከመጠቀም በቀር ሌላ መንገድ አላገኘም። በ1943 ዓ.ም. ከቶዮዳ የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ወደ አውቶሞቢሉ ፋብሪካ የተዛወረው ታይቺ ኦኖ በፋብሪካው ወለል ላይ በጠመኔ ክብ ይሥልና፥ ተማሪውን በውስጡ አቁሞ ሥራውን እንዲመለከት አዝዞት ይሄዳል። ምን እንደሚመለከት አይነግረውም። ከብዙ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ያየውን ይጠይቀዋል፤ መልሱ የሳሳ ከሆነ እንደ ገና እዚያው ያቆመዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትምህርት ምክንያትን አምስት ጊዜ ያህል መጠየቅ ነው። ኦኖ በ1978 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የአንድን የቆመ መኪና ነገር ምሳሌ አድርጎ ያቀርባል። መኪናው የቆመው ፊውዙ ስለ ተቃጠለ ነው፤ ፊውዙ የተቃጠለው ኩሽኔታው ዘይት አጥቶ ሥራው ስለ ከበደበት ነው፤ ዘይቱ የጠፋው ፓምፑ በሚገባ ስላልሳበ፥ ፓምፑም ያልሳበው ዘንጉ ስለ ተበላ፥ ዘንጉም የተበላው ማጥሪያ ስላልነበረ የብረት ብናኝ ገብቶበት ነው። በመጀመሪያው መልስ የረካ ሰው ፊውዝ ይገዛል፤ ብዙ ሳይቆይም ሌላ ፊውዝ ይገዛል። እስከ መጨረሻው የደረሰው ግን አንድ ማጥሪያ አግብቶ ይገላገላል።

ይሁን እንጂ «ስለ ምን?» የሚለው ቃል ከሹም አፍ ሲወጣ እንደ ክስ መሰማቱ የታወቀ ነው። ጠያቂው የሚፈልገው ጥፋተኛውን እንጂ ምክንያቱን ካልሆነ፥ ተጠያቂው በፊውዙ ላይ ያቆማል፥ ወይም የሌሊቱን ዘበኛ ያመለክታል። እንዲህ ባለ ቤት ማጥሪያው ሊገኝ አይችልም።

ለኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንም። በቅኔ ቤት መምህሩ መንገዱን ያሳያል እንጂ ቅኔውን አያስጠናም። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ ብቻውን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ውሎ፥ ያወጣውን ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ልዩነቱ የቅኔው ችግር በተማሪው ልብ ውስጥ ሲሆን፥ የነጋዴው ችግር በመጋዘኑና በሱቁ መኖሩ ነው። ስለዚህ ተማሪው ወደዚያው መሄድ ግድ ይሆንበታል።

ካይዘን የተባለው የጃፓን አሠራር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2009 እስከ 2011 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት ርዳታ በ30 የኢትዮጵያ ድርጅቶች ተሞክሮ ነበር፤ ወዲያውም በ2004 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከዚህ ትምህርት ቶሎ የሚያዘው ዕቃን መለየት፥ ወለልን መጥረግና በመደርደሪያ ላይ ስም መለጠፍ ነው፤ ለጎብኚም ደስ ያሰኛል። የጠመኔው ክብ ግን የሹሙን የራሱን ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ደግሞም መልሱን እያወቀ ዝም ማለትን ይጠይቃል፤ ይህም ለብዙ ሹሞች ወለል ከማስጠረግ ይልቅ ይከብዳቸዋል።

የንግድ ትምህርት የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን ወደ አንድ ዳቦ ቤት ወስዶ፥ ሲነጋ የተጋገረው ዳቦ ስለ ምን እስከ ማታ ሳይሸጥ እንደሚቀር ግማሽ ቀን ቆመው እንዲመለከቱ ቢያደርጋቸው የሚያስወጣው ወጪ የለም። የሰዓቱ ሰሌዳ አይፈቅድም የሚል ይኖር ይሆናል፤ ዳሩ ግን ይህ ግማሽ ቀን ትርጓሜውን ብቻ በቃል ለማስጠናት ከሚያልፈው ሰዓት ላይ ሊቀነስ ይቻላል።