ኩባያችሁ ስንት ግራም ይይዛል?

ሁምቦ ጠበላ ገበያ በቆሎ በጣሳ የሚገዛ ሰው ዓይኑን ከጣሳው አናት ላይ አይነቅልም። ተቆልሎ ነው የተሰፈረው ወይስ አናቱ ተጠርጎ? የጣሳው ዋጋ ያው ነው፤ ትርፍና ኪሳራው ያለው ቁልሉ ላይ ነው። ኢኮኖሚክስ ሳይማሩ እናቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል።

ስልካችን ላይ የኬክ አሠራር ስናይ ግን ይቺ ጥንቃቄ ትጠፋብናለች። «ሁለት ኩባያ ዱቄት» ሲል ያገኘነውን ኩባያ አንስተን መዛቅ ነው። የአሜሪካው ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ የአውስትራሊያው 250። የእናንተ የሻይ ኩባያስ?

ይሄም ትንሹ ችግር ነው። የስንዴ ዱቄት በማንኪያ ቀስ ተብሎ ተጨምሮ አናቱ ከተስተካከለ አንዱ የአሜሪካ ኩባያ 120 ግራም አካባቢ ይመዝናል። በኩባያው ራሱ ከከረጢቱ ከተዛቀ ግን ይጠቀጠቅና 150 ሊደርስ ይችላል። በአራት ኩባያ 120 ግራም ትርፍ፣ ማለትም ሳታውቁት አምስተኛ ኩባያ ጨመራችሁ! ከዚያ ዳቦው ሲደርቅ ምድጃው ይወቀሳል። ስኳር እንዲህ አያስቸግርም፤ 200 ግራም ገደማ ነው።

ሚዛን ከሌላችሁ ኩባያችሁን ይዛችሁ ሚዛን ያለው ሱቅ ሂዱ። ባዶውን አስመዝኑ፣ ከዚያ ሁሌ በምትሞሉበት አሞላል ዱቄት ሞልታችሁ ድገሙት። ልዩነቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። በቆሎና ቡላን ለየብቻ መዝኑ፣ የስንዴው ቁጥር ለእነሱ አይሠራም። ለእርሾና ለጨው ግን አትድከሙ፤ የሱቅ ሚዛን 5 ግራም ላይ ብዙም አይታመንም፣ የሻይ ማንኪያ ይሻላል።