ውሃ የገባበት ምድር ቤትና የተከራዩ ዝምታ

ነገሩ የተጀመረው ዝናብ ብርቅ በሆነበት አገር ነው። ለዘመድ ሠርግ ላስ ቬጋስ ሰንብተን፣ ወደ ሜሪላንድ ለመመለስ በታክሲ ወደ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ስንጓዝ ስልካችን ጮኸ። የደወለው ምድር ቤታችንን ተከራይቶ የሚኖረው፣ ከአገር ቤት ከመጣ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ቤቱ ውሃ ገብቶበታል» አለን። ዝናቡን ያዘነበው እሱ ይመስል ይቅርታ ጠየቀን። ጠጋ ብለን ስንጠይቀው ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ገብቶ ነበር። ምንጣፉን በፎጣ እያደረቀ፣ ትንፍሽ ሳይል ኖሯል።

የታክሲው ሾፌር የአገራችን ልጅ ስለነበር ወሬውን ሰምቶ ሳቀ። «ቬጋስ ይምጡ፤ እዚህ ቤዝመንት የሚባል ጣጣ የለም!» አለን። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም አሌክሳንድሪያ ሳለሁ ቤዝመንት ነበር የምኖረው። ውሃ ሲገባ ለባለቤቱ አልነገርኩም» አለ። ለምን? ብንለው፣ «ላሠራው ነው ውጣልኝ እንዳይለኝ ነዋ! በዚያ ኪራይ ሌላ የት አገኛለሁ?» ሲል መለሰልን። ሳቁ እዚያ ላይ አበቃ።

ሾፌሩ ስለ ቬጋስ የተናገረው እውነት ነው። በዚያ ሸለቆ በብዙ ቦታ ከአፈሩ ሥር «ካሊቼ» የሚባል እንደ ኮንክሪት የጠጠረ ንጣፍ ስላለ መቆፈሩ ውድ ነው። ቅዝቃዜውም እንደ ሰሜኑ ስላልሆነ የቤት መሠረት ጠልቆ መውረድ አያስፈልገውም። የከተማዋ ዝናብ በይፋ የሚለካው እዚያው አየር ማረፊያ ሲሆን፣ በዓመት በአማካይ 4 ኢንች ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከዚህ አሥር እጥፍ በላይ ታገኛለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ቬጋስ ውስጥ 240 ቀናት የሚለካ ዝናብ ሳይጥል አልፏል።

ይሁን እንጂ በረሃም በጎርፍ ይመታል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 በጣለው ዶፍ በታላላቆቹ ቁማር ቤቶች ጣሪያ ሳይቀር ውሃ ሲንጠባጠብ ታይቷል። የአካባቢው አስተዳደር ግን ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጎርፍ መከላከያ ተቋም አቋቁሞ የውሃ ማቆሪያዎችና ቦዮች ሲሠራ ኖሯል። በደረቅ አገር ያሉት ለዝናብ ሲዘጋጁ፣ በዝናባማ አገር ያለነው እኛ ምን ሠራን?

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የምንጣፍ መበላሸት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 የአይዳ አውሎ ነፋስ ቅሪት ባዘነበው ዝናብ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ 13 ሰዎች ሲሞቱ፣ 11ዱ የሞቱት ምድር ቤት ውስጥ ነው። በዚያው ቀን፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሮክቪል ላይ ከመሬት በታች ያሉ አፓርታማዎች በጎርፍ ተሞልተው አንድ የ19 ዓመት ወጣት ሕይወቱ አልፏል።

እኛ ቀደም ሲል ያደረግነው ነገር ቢኖር ግድግዳውን ውሃ አያሳልፍም በተባለ ቀለም ማስቀባት ነበር። ቀለሙ በወራት ውስጥ ተላጠ። ውሃ መመለስ ያለበት ከውጭ ነው። በአብዛኛው ጥፋቱ ያለው በቅጠል በተደፈነ አሸንዳ፣ የጣሪያውን ውሃ መሠረቱ ሥር በሚያፈስ ቱቦና ወደ ቤቱ በተዳፋ አፈር ላይ ነው። አሸንዳውን መጥረግ፣ የቱቦውን ጫፍ ቢያንስ አምስት ስድስት ጫማ ከቤቱ ማራቅ፣ አፈሩን በመጀመሪያዎቹ 10 ጫማዎች ውስጥ 6 ኢንች ያህል ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ አድርጎ መሙላት፣ ከሁሉ በፊት የሚሠራና ብዙ የማያስወጣ ሥራ ነው። ላሊበላን ከዓለት የፈለፈሉት አባቶቻችንም የውሃ መውረጃውን ቦይ አብረው ፈልፍለዋል።

ይህ ካልበቃ ከወለሉ ሥር ውሃ የሚስብ ፓምፕ ይገባል፤ ዶፍ ሲወርድ መብራት ስለሚጠፋ ግን መጠባበቂያ ባትሪ ይኑረው። ውሃ የገባበት ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ አይገባም። የረጠበ ነገር በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይይዛል። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስም የጎርፍ ጉዳት አይከፍልም። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው የሚገዛ ሆኖ፣ በአብዛኛው ከ30 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው፤ ምድር ቤት ውስጥ ላለ ንብረት የሚሰጠው ሽፋንም ውስን ነው።

ከሁሉ የከበደን ግን መስኮቱ ነው። የአሜሪካ የቤት ሥራ ደንብ፣ ሰው የሚተኛበት ምድር ቤት በአደጋ ጊዜ ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት ወይም በር እንዲኖረው ያዛል። የእኛ ቤት መስኮት ድመት እንጂ ሰው አያሳልፍም። ለወገን መብት ይከበር ብለን መፈክር ይዘን በብርድ ስንሰለፍ የኖርን ሰዎች፣ ከእግራችን ሥር የሚተኛው ወገናችን መውጫ እንደሌለው ልብ አላልንም። ይባስ ብሎ፣ ጣሪያችን ሥር እየኖረ ብሶቱን ለመናገር ፈራን። አገር ቤት ያለውን ዝምታ የምናወግዝ እኛ፣ በገዛ ቤታችን ዝምታን አከራየን።

ከቬጋስ እንደተመለስን ልጁን ይቅርታ የጠየቅነው እኛ ነን። መስኮቱ እስኪሰፋ ድረስ ፎቅ ላይ፣ ኮሌጅ በገባው ልጃችን ክፍል እንዲተኛ አደረግን። ችግር በመናገሩ ኪራይ እንደማይጨመርበት፣ ውጣም እንደማይባል በወረቀት ጽፈን ፈረምንለት። ቤዝመንት የምታከራዩ ወገኖች፣ ዛሬ ማታ ወርዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ «ውሃ ይገባል ወይ? እሳት ቢነሳስ በየት ትወጣለህ?» ተከራዮችም አትፍሩ፤ ተናገሩ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነውና።

ቸር ይግጠመን!