ካንሰርና የጤና መድህን፦ ቤተሰቡ «አይሸፈንም» ሲባል ምን ማለት ነው?

#ጤና

ስልካችሁን ስትከፍቱ ደጋግማችሁ የምታዩት ፖስት አለ። የታማሚ ፎቶ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ ከሥሩ የባንክ ሂሳብ ቁጥር። «ወገን ድረስልን» ይላል። ብዙ ጊዜ በሽታው ካንሰር ነው።

ይሄን ሲያዩ «ቆይ፣ የጤና መድህን የለም እንዴ? ለምን አይሸፍንላቸውም?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ዛሬ እሱን እናብራራለን።

እንዲመቸን አንድ ቤተሰብ እናስብ። (ምሳሌ ነው፣ የማንም የተለየ ሰው ታሪክ አይደለም።) ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ አካባቢ ተከራይተው ይኖራሉ። አባት የአንድ የግል ድርጅት ጥበቃ ነው፤ ደመወዙ በፔሮል ነው፣ ጡረታም ይቆረጥበታል። እናት ቤት ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች። ለወራት ደም ሲፈሳት «የዕድሜ ነው» ብላ ዝም አለች። በኋላ ሲብስባት ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተላከች። የማህፀን በር ካንሰር፣ ደረጃ 4 ተባለች። ማለትም ካንሰሩ ከተነሳበት ቦታ አልፎ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተሰራጭቷል።

ትልቁ ልጅ ስለ መድህን ሊጠይቅ ወረዳ ሄደ። መልሱ «አይሆንም» ሆነ።

ይህ «አይሆንም» ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ቢያንስ አራት የተለያዩ ምክንያቶች አሉት። መፍትሄውም እንደ ምክንያቱ ይለያያል።

🔹 1. «ደመወዝተኛ ናችሁ»

በየወረዳው የምናውቀው መድህን ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ይባላል። በ2003 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የተስፋፋው። ሲቀረጽ የታሰበው ለገበሬውና በከተማ ደግሞ በግሉ ሠርቶ ለሚያድር፣ መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው።

ለደመወዝተኛውና ለጡረተኛው የታሰበው ሌላ ነው፦ ማህበራዊ የጤና መድህን። አዋጁ (ቁጥር 690) የወጣው በ2002 ዓ.ም ነው። በደንቡ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 3 በመቶ እንዲያዋጡ ነበር የታሰበው። አዋጁ ግን ከወጣ በኋላ ከአስር ዓመት በላይ ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ።

የሚገርመው፣ ደንቡ «አይሸፈኑም» ብሎ የዘረዘራቸው የውጭ አገር ሕክምና፣ የአካል ንቅለ ተከላ፣ የውበት ቀዶ ሕክምና፣ መነጽርና የመሳሰሉት ናቸው። ካንሰር በስም ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። የጀሞው ቤተሰብ ችግር በሽታው አይደለም፤ ለእነሱ የታሰበው መድህን በሰዓቱ አለመድረሱ ነው። ጎረቤታቸው ጉልት የምትሸጠው ሴት ካርድ ሲኖራት፣ ከእሷ የተሻለ ገቢ የሌለው ጥበቃ በሁለቱ መሃል ወደቀ።

🔹 2. «ምዝገባው አልፏል»

ማህበረሰብ አቀፉ መድህን የሚታደሰው በየዓመቱ፣ በተወሰነ ጊዜ ነው። ጊዜው ካለፈ እስከሚቀጥለው ዙር ይጠበቃል። ለታመመ ሰው ጭካኔ ይመስላል። ምክንያቱን ለመረዳት ግን እድርን አስቡ። ሰው ቤት ውስጥ ሞቶ «አሁን ልመዝገብ» ብትሉ የትኛው እድር ይቀበላችኋል? ጤነኛው ካልከፈለ የታመመውን የሚያሳክም ገንዘብ አይኖርም። ሁሉም ሰው ሲታመም ብቻ ቢመዘገብ ካዝናው በአንድ ዓመት ባዶ ይሆናል።

የድሃ ድሃ ተብለው ለተለዩ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይከፍላል። ልየታው ግን የሚካሄደው በወረዳ ስለሆነ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

🔹 3. «ሪፈር የላችሁም»

የመድህን አባል ሕክምና የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ይሄን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የገባ ወይም መድህኑ ውል ያልያዘበት ተቋም የታከመ ሰው ወጪው ላይሸፈንለት ይችላል። ካንሰር ሲባል ቤተሰብ ይደነግጣል፤ ተሯሩጦ የግል ክሊኒክ ይገባል። በዚህ የወጣው ብር ብዙ ጊዜ አይመለስም።

🔹 4. «መድኃኒቱ የለም»

ይሄ ካርድ ያላቸውንም ያገኛቸዋል። ወረቀት ላይ ይሸፈናል፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ግን መድኃኒቱ አልቋል ወይም ማሽኑ ተበላሽቷል። «ውጭ ግዙ፣ ውጭ ተነሱ» ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ ከመድህኑ ጋር ውል ያላቸው የከነማ መድኃኒት ቤቶች አሉ፤ ከግል ፋርማሲ በፊት እነሱን ጠይቁ።

የጨረር ሕክምና ደግሞ ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማና ሐረር (ሕይወት ፋና) ጀምረዋል። በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በኢትዮጵያ ወደ 77 ሺህ ሰዎች አዲስ የካንሰር ታማሚ ሆነዋል፤ ወደ 52 ሺህ የሚጠጉ ደግሞ ሞተዋል። ወረፋው በወራት ሲቆጠር በደረጃ 2 የተመዘገበ ሰው ተራው ሲደርስ በሽታው ሊገፋበት ይችላል።

📌 ታዲያ ምን ይደረግ?

👉 «አይሆንም» ስትባሉ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ቢቻል በጽሑፍ። ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አቤቱታ ብታቀርቡ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ነው ትርፉ። መጀመሪያ ሆስፒታሉ ውስጥ ያለውን የመድህን ክፍል፣ ከዚያ የወረዳውን መድህን ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ክፍለ ከተማውን ጠይቁ።

👉 ሪፈር፣ የናሙና ውጤት፣ ደረሰኝ፣ ሁሉንም በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

👉 መክፈል የማይችል ቤተሰብ ስለ ነጻ ሕክምና ደብዳቤ ወረዳውን ይጠይቅ። ሆስፒታል ውስጥ ሶሻል ወርከር ካለ አናግሩ።

👉 ደመወዝተኛ ከሆናችሁ አሠሪያችሁ የሕክምና ኢንሹራንስ እንዳለው፣ የትዳር አጋርንና ልጆችን ይጨምር እንደሆነ፣ የዓመት ጣሪያው ስንት እንደሆነ ሳትታመሙ እወቁ።

👉 በካንሰር በልጅነቱ ባረፈ ሕፃን ስም የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ታማሚዎችን ይረዳል። ለሕፃናት ተስፋ አዲስ አለ።

📌 «ከዚህ በኋላ አይድንም» ሲባልስ?

ደረጃ 4 ላይ ብዙ ጊዜ የሕክምናው ዓላማ ማዳን ሳይሆን ሕመምን መቀነስና ዕድሜን ማራዘም ይሆናል። ይሄን ሐኪሙን በግልጽ መጠየቅ ነውር አይደለም። «ይሄ ሕክምና ያድናታል ወይስ ያስታግስላታል?» በሉ። ቤት ሸጦ፣ ተበድሮ ውጭ አገር ከመሄድ በፊት ቤተሰቡ መልሱን ማወቅ አለበት።

«አይድንም» ማለት «ምንም አይደረግም» ማለት አይደለም። ሕመም ማስታገስ ራሱ ሕክምና ነው፤ ሞርፊንም በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄደ እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን ይንከባከባል። እናት በሥቃይ እየጮኸች ማደር የለባትም።

አብዛኞቻችን ቤት የእድር ደብተር አለ። ወላጆቻችን አንድ ወር እንኳ ሳያሳልፉ ይከፍላሉ። እድር የሚደርሰው ግን ስንሞት ነው። ስንታመም የሚደርሰውን ካርድ ማን እንደያዘው፣ መቼ እንደሚታደስ የምናውቅ ጥቂት ነን።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «የመድህን ካርዳችን ታድሷል?» ከሌላችሁ ደግሞ የሚቀጥለው ምዝገባ መቼ እንደሆነ ነገ ወረዳ ደርሳችሁ አረጋግጡ።